የፒክአፕ የፊት ጎማ ኩሽኔታና ፓራኦሊዮ ሲቀየር፦ የትኛው መንገድ ለየትኛው መኪና?

የፊት ጎማ ኩሽኔታ (ጎማው በትንሽ ፍትጊያ እንዲሽከረከር የሚያደርገው ባለ ኳስ ወይም ባለ ሮለር ቀለበት) ሲያልቅ ቀድሞ የሚታወቀው በድምፁ ነው። መኪናው ፍጥነት ሲይዝ ከወለሉ ሥር ጉምጉምታ ይጀምራል፤ ፍጥነቱ ሲጨምር ድምፁ ይወፍራል፤ የነዳጅ መርገጫውን ቢለቁትም አይጠፋም። በዚህ ጊዜ አብዛኛው ሰው በቀጥታ ወደ መለዋወጫ መደብር ይሄዳል። እኔ ግን ከግዢው በፊት ሦስት ነገሮች እንዲታወቁ አጥብቄ እመክራለሁ፦ የተበላሸው በእርግጥ ኩሽኔታው ነው? ኩሽኔታው በምን ዓይነት አሠራር የተገጠመ ነው? የገደለውስ ምንድን ነው? የሦስተኛው ጥያቄ መልስ ብዙውን ጊዜ በፓራኦሊዮው ላይ ይገኛል። ፓራኦሊዮ ግሪስና ዘይትን ውስጥ አስቀርቶ ውሃና አቧራን የሚያግደው የጎማ ከንፈር ያለው ቀለበት ነው። ከኩሽኔታው ጋር ሲነጻጸር ትንሽና ርካሽ ዕቃ ቢሆንም የኩሽኔታው ዕድሜ የተንጠለጠለው በእርሱ ላይ ነው።

ተጠያቂውን መለየት

መኪናው ወደ ግራ ሲታጠፍ ክብደቱ ወደ ቀኝ ጎማዎች ይሸጋገራል። ስለዚህ ባዶና ሰፊ መንገድ ላይ በቀስታ ወደ ግራ ሲያዘነብሉ ድምፁ ከባሰ የቀኙን ኩሽኔታ ይጠርጥሩ፤ ወደ ቀኝ ሲያዘነብሉ ከባሰ ደግሞ የግራውን። እኩል ያላለቀ ጎማም በጣም ተመሳሳይ ድምፅ ያወጣል። መለያው የመንገዱ ገጽ ነው፤ ከሻካራ አስፋልት ወደ ለስላሳ ሲገቡ ድምፁ በግልጽ ከተለወጠ ጉዳዩ የጎማ ሊሆን ይችላል። የፊቱን ጎማ ከኋላው ጋር አቀያይሮ መሞከር ምንም ዕቃ ሳይገዙ ጥርጣሬውን ይፈታል።

ቀጥሎ የመነቃነቅ ምርመራ ይመጣል። መኪናውን በክሪክ አንስተው በማቆሚያ ላይ ያሳርፉ፤ ጎማውን ከላይና ከታች ይዘው ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ይወዝውዙት። ከተነቃነቀ ሌላ ሰው ፍሬን እንዲረግጥ አድርገው እንደገና ይሞክሩ። ፍሬኑ ሲያዝ መነቃነቁ ከጠፋ ልቅ የሆነው ኩሽኔታው ነው፤ ፍሬን ተረግጦም ከቀጠለ የቦል ጆይንት (ጎማውን ከሚሸከሙት ክንዶች ጋር የሚያያይዘው ባለ ኳስ መገጣጠሚያ) ችግር ሊሆን ይችላል። ይህችን ቀላል ሙከራ ሳያደርጉ ደህና ኩሽኔታ ያስቀየሩ ብዙ ሰዎች አሉ፤ እነዚያ ሰዎች አዲሱን ኩሽኔታ ይዘው ከነአሮጌው መነቃነቅ ነው የሚመለሱት። በመጨረሻ አንድ እጅዎን በሞላው (ስፕሪንጉ) ላይ አሳርፈው በሌላው ጎማውን ያሽከርክሩ። የተበላሸ ኩሽኔታ ጆሮ ባይሰማውም በሞላው በኩል ለእጅ ይሻክራል።

የፍሳሹን ምንጭ መለየትም ያስፈልጋል። በቸርኬው የውስጥ ፊት ላይ የተረጨ ወፍራም ቅባት ከጎማው ኩሽኔታ ፓራኦሊዮ ያመለጠ ግሪስ ሊሆን ይችላል። የሰልፈር ሽታ ያለው ከባድ ዘይት የዲፈረንሻል (ኃይልን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያከፋፍለው ማርሽ) ዘይት ነው። ቀጭንና ውሃ የሚመስል ከሆነ ግን የፍሬን ዘይት ሊሆን ስለሚችል መኪናው ከቦታው መንቀሳቀስ የለበትም።

ሦስቱ አሠራሮች

የመጀመሪያው በሁለት ሾጣጣ ሮለር ኩሽኔታዎች የሚሠራው ነው። ጎማው የሚታሰርበት ሞዞ ውስጥ አንዱ ከውጭ፣ ሌላው ከውስጥ ተቃራኒ አቅጣጫ ይዘው ይቀመጣሉ፤ ጥብቀታቸው በዳዶ ይስተካከላል። ሾጣጣ ሮለር ኩሽኔታን ሄንሪ ቲምከን እ.ኤ.አ. በ1898 የባለቤትነት መብት ያስመዘገበበት ሲሆን፣ ሰውየው የጋሪ ሠሪ ነበር። ጋሪ ሲታጠፍ ጎማውን ወደ ጎን የሚገፋውን ኃይል ከሸክሙ ጋር አብሮ እንዲችል ነው የታሰበው፤ ጭነት የያዘ ፒክአፕ በጠመዝማዛ መንገድ የሚያጋጥመውም ያው ነው። ሙሉ የፊት አክስል (ግራና ቀኝ ጎማዎችን በአንድ ወጥ ብረት የሚያያይዝ) ያለው የላንድክሩዘር 70 ተከታታይ ፒክአፕና ብዙ የቆዩ ፒክአፖች በዚህ መንገድ የተሠሩ ናቸው።

ሁለተኛው ባለ ሁለት ረድፍ አንድ ወጥ ኩሽኔታ ሲሆን፣ ናክል በሚባለው፣ ከመሪው ጋር በሚዞረው ብረት ውስጥ በከፍተኛ ግፊት ተጠቅጥቆ ይገባል። ሞዞው ደግሞ በተራው ወደ ኩሽኔታው ይጠቀጠቃል። ሦስተኛው ኩሽኔታና ሞዞ በፋብሪካ አንድ ላይ ተዘግተው የሚመጡበት፣ ከናክሉ ጋር በብሎኖች ብቻ የሚታሰር አሃድ ነው። እንደ ሼቭሮሌት ሲልቨራዶ ያሉ ፒክአፖች ይህን ይጠቀማሉ።

የትኛው እንደሆነ ለማወቅ የመኪናውን የጥገና መጽሐፍ ማየት ይሻላል። አንድ ሞዴል ባለሁለት ጎማ ነጂና ባለአራት ጎማ ነጂ ሆኖ ሲመረት ሁለት የተለያዩ አሠራሮች ሊኖሩት ስለሚችሉ በስሙ ብቻ መገመት ያሳስታል።

ሾጣጣ ኩሽኔታ፦ ማጠብ ወይስ መቀየር?

እውነተኛ ምርጫ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ከሦስቱ ውስጥ ተፈትቶ፣ ታጥቦና ተመርምሮ መልሶ መግጠም የሚቻለው ይህ ብቻ ነውና።

አሮጌው ግሪስ እስኪለቅ በነጭ ጋዝ ወይም በማጽጃ ፈሳሽ ይታጠብ፤ ከዚያ ይድረቅ። በአየር መንፊያ ሲያደርቁት እንዲሽከረከር አይፍቀዱ፤ ቅባት የሌለው ኩሽኔታ በዚያ ፍጥነት ሊጎዳ፣ ሮለሮቹም ሊፈናጠሩ ይችላሉ። በደንብ በበራ ቦታ ሮለሮቹንና ሮለሮቹ የሚንከባለሉበትን ውጫዊ ቀለበት ይመልከቱ። ጥፍር የሚይዝ ጉድጓድ፣ የተላጠ ብረት፣ ሙቀት ያመጣው ሰማያዊ ወይም ቡናማ ቀለም፣ የዝገት ነጥቦች፣ ወይም በቀለበቱ ላይ በሮለሮቹ ርቀት የተደረደሩ ስርጉዶች ካሉ ይቀየር። ገጹ አብረቅራቂና ለስላሳ ከሆነ ግን ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄደ ብቻ አይቶ መጣል ብክነት ነው። በሚገባ የተያዘ ሾጣጣ ኩሽኔታ በጣም ረጅም ዕድሜ አለው፤ ውሃ የገባበት ግን በአጭር ጊዜ ያልቃል።

ለመቀየር ከተወሰነ ውስጣዊው ክፍልና ውጫዊው ቀለበት አብረው ይቀየራሉ። አሮጌው ቀለበት ከሞዞው መውጣቱ አድካሚ ስለሆነ አዲስ ሮለር በአሮጌ ቀለበት ላይ የሚያስቀምጡ አሉ፤ ይህ ገንዘብን መጣል ነው። አሮጌው ቀለበት የለመደውን ቅርጽ ይዟልና አዲሱን ይበላዋል። ቀለበቱ ከበስተጀርባው በናስ በትር በተለያዩ ጎኖች በመጠኑ እየተመታ ይወጣል። አዲሱ ሲገባ አሮጌውን ቀለበት መግፊያ አድርጎ መጠቀም ይረዳል። እስከ መጨረሻው ሲደርስ የመዶሻው ድምፅ ከደነዘዘ ወደ ጠጣር ይለወጣል፤ ያ ለውጥ ሳይሰማ ሥራው አለቀ ማለት አይቻልም።

ግሪሱ ከዲስክ ፍሬን ሙቀት ጋር የሚስማማ፣ ቁጥር 2 ጥንካሬ ያለው የጎማ ኩሽኔታ ግሪስ ይሁን። በሊቲየም ላይ የተሠራን ከሌላ ዓይነት መሠረት ካለው ጋር አይቀላቅሉ፤ አንዳንዶቹ ሲገናኙ ይቀጥኑና ይፈስሳሉ። በመዳፍ ላይ ግሪስ አኑሮ ኩሽኔታውን በሰፊው ወገን እየጫኑ ግሪሱ በሮለሮቹ መካከል አልፎ በሌላው ወገን እስኪወጣ መሙላት አሁንም ከምንም መሣሪያ አያንስም። የሞዞውን ክፍት ቦታ ግን ሙሉ በሙሉ መድፈን አያስፈልግም፤ ትርፉ ግሪስ ሲናጥ ሙቀት ይፈጥራል።

የዚህ አሠራር ከባዱ ክፍል ማጥበቁ ነው። ሞዞውን እያሽከረከሩ ዳዶውን በደንብ በማጥበቅ ሮለሮቹ ቦታቸውን ይይዛሉ፤ ከዚያ ዳዶው ይላላል፤ ቀጥሎ በጥገና መጽሐፉ በተጻፈው አነስተኛ ኃይል እንደገና ይጠብቃል። በብዙ ባለሁለት ጎማ ነጂ መኪኖች ዳዶው በኮፒሊያ (በቀዳዳ ገብቶ ጫፉ በሚታጠፍ ሽቦ) ይቆለፋል። በላንድክሩዘር ዓይነቶቹ ላይ ሁለት ዳዶዎችና በመካከላቸው የሚታጠፍ ቆላፊ ቀለበት አለ፤ ትክክለኛነቱ የሚረጋገጠውም የሚጎተት የስፕሪንግ ሚዛን በጎማ ብሎን ላይ አስሮ ሞዞውን ለማንቀሳቀስ የሚያስፈልገውን ኃይል በመለካት ነው። ውጫዊው ዳዶ ሲጠብቅ የውስጠኛውን ልክ ስለሚለውጠው ልኬቱ ከቆለፉ በኋላ ይደገማል። ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ይህ ድጋሚ ልኬት ነው። ከመጠን በላይ የጠበቀ ኩሽኔታ ይቃጠላል፤ የላላው ይንቀጠቀጣል፤ ሁለቱም አዲስ ዕቃ ሆነው ነው የሚበላሹት።

ተጠቅጥቆ የሚገባው፦ ኩሽኔታ ብቻ፣ ከነሞዞው ወይስ ሙሉ ናክል?

እዚህ ማጠብ የሚባል አማራጭ የለም። ኩሽኔታው ሲወጣ ጎትቶ የሚያወጣው ኃይል በውስጡ ባሉ ኳሶች ወይም ሮለሮች በኩል ስለሚያልፍ ይጎዳል። ስለዚህ «አውጥተን እንየው» የሚል ምክር አይቀበሉ፤ የወጣ ኩሽኔታ አይመለስም።

ኩሽኔታውን ብቻ መግዛት በዕቃ ዋጋ ዝቅተኛው፣ በሥራ ደግሞ ከባዱ ነው። ሞዞው ሲወጣ የኩሽኔታው ውስጣዊ ቀለበት ብዙ ጊዜ ከሞዞው ጋር ተጣብቆ ይቀራል፤ በመጎተቻ ወይም በጥንቃቄ ተሞርዶ መነሣት አለበት። ቀለበቱ በሞዞው ላይ ተሽከርክሮ ቦታውን ከበላው አዲሱ ኩሽኔታ ልኩን አያገኝም፤ በዚህ ጊዜ ሞዞው አብሮ ይቀየራል። ኩሽኔታውና ሞዞው አስቀድመው የተገጣጠሙለትን ሙሉ ናክል መግዛት ከሁሉ ፈጣኑ ነው፤ ነገር ግን የናክሉ ብረት ጥራት የሚታመን ካልሆነ ከመሪና ከቦል ጆይንት ጋር የሚያያዝ ክፍል ስለሆነ ያሳስባል።

የእኔ ምርጫ መካከለኛው ነው፦ ናክሉን ራስ ፈትቶ፣ አጽድቶ፣ ሃይድሮሊክ ፕሬስ ወዳለበት ቦታ መውሰድና የመጠቅጠቁን ሥራ እዚያ ማሠራት። በመዶሻ ለማስገባት መሞከርን በፍጹም አልስማማበትም። አንድ ሕግ ብቻ ይጠበቅ፦ ግፊቱ ሁልጊዜ በሚጣበቀው ቀለበት ላይ ይረፍ። ኩሽኔታው ወደ ናክሉ ሲገባ ግፊቱ በውጫዊው ቀለበት ላይ ይሆናል፤ ሞዞው ወደ ኩሽኔታው ሲገባ ደግሞ የውስጣዊው ቀለበት ከበታች ተደግፎ ይያዛል። ይህ ከተገለበጠ ኳሶቹ በመንገዳቸው ላይ ጥቃቅን ስርጉዶች ይተዋሉ፤ መኪናው ከጋራዡ ሲወጣ ጸጥ ያለ ቢሆንም ጉምጉምታው በጥቂት ሳምንት ይመለሳል።

በአዳዲስ መኪኖች ላይ ከኩሽኔታው ማኅተሞች አንዱ ለኤቢኤስ (ፍሬን ሲረገጥ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው ሥርዓት) ሴንሰር የሚያገለግል ማግኔታዊ ቀለበት ይዟል። ይህ ወገን ወደ ሴንሰሩ መዞር አለበት። ተገልብጦ ከገባ የኤቢኤስ መብራት ይበራል፤ መፍትሔውም አዲሱን ኩሽኔታ አውጥቶ መጣል ነው። የወረቀት ክሊፕ ቀስ ብሎ ማስጠጋት የትኛው ወገን እንደሚስብ ያሳያል። ከዚያ ውጪ ይህን ወገን ከብረት ብናኝና ከማግኔት ያርቁት።

በብሎን የሚታሰረው አሃድ

ምርጫው እዚህ አጭር ነው፤ ሙሉውን መቀየር። ፕሬስ አያስፈልግም፣ ማስተካከያ የለውም። የሚያስቸግረው ዝገት ነው፤ አሃዱ ከናክሉ ጋር ተጣብቆ እምቢ ሊል ይችላል። ሲወጣ የናክሉን መቀመጫ እስከ ንጹሕ ብረቱ ይቦርሹ። በመካከል የቀረች ቁራጭ ዝገት ዲስኩን ታጣምመውና ፍሬን ሲረገጥ መርገጫው ይንቀጠቀጣል። በዚህ አሠራር ላይ የምርቱ ጥራት ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጥ ወሳኝ ነው፤ ውስጡ ተዘግቶ ስለሚመጣ ሊታይ አይችልም፣ ሊስተካከልም አይችልም።

ለሁለተኛውና ለሦስተኛው ዓይነት በጋራ የሚሠራ ማስጠንቀቂያ አለ። የአክስሉ መካከለኛ ዳዶ በታዘዘው ኃይል ሳይጠብቅ የመኪናው ክብደት በጎማው ላይ እንዲያርፍ አይደረግ፤ ኩሽኔታውን አንድ ላይ የሚይዘው ያ ዳዶ ነው። የሚያስፈልገው ኃይል በብዙ ፒክአፖች ከ200 ኒውተን ሜትር ይበልጣልና በግምት አይሆንም። የሚያጠብቁበትን ኃይል የሚለካ መፍቻ (ቶርክ መፍቻ) ይጠቀሙ፤ በአየር መፍቻ መደብደብ ግን ኩሽኔታውን ይጎዳል።

ፓራኦሊዮው፦ ለብቻው ወይስ አብሮ?

ኩሽኔታው ከተፈታ ፓራኦሊዮው ይቀየራል። በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። አሮጌው ሲወጣ መጣመሙ አይቀርም፤ ከንፈሩም ከአሮጌው ገጽ ጋር ተላምዷል። ጥያቄ የሚነሣው ኩሽኔታው ደህና ሆኖ አክስሉ ብቻ ዘይት ሲያፈስ ነው።

ሁለቱ የፊት ጎማዎች ለየብቻቸው በሚንቀሳቀሱባቸው ፒክአፖች ላይ አክስሉ ወደ ዲፈረንሻሉ የሚገባበት ቦታ ላይ ፓራኦሊዮ አለ። እዚህ አክስሉ ተጎትቶ ወጥቶ ፓራኦሊዮው ለብቻው ይቀየራል፤ የጎማውን ኩሽኔታ መንካት አያስፈልግም። የግራና የቀኙ መጠን ሊለያይ ስለሚችል ሁለቱን ለይቶ ማዘዝ ይገባል። በአክስሉ ጫፍ ያለው የማሰሪያ ቀለበትም አዲስ ይሁን።

ሙሉ አክስል ባላቸው ላይ ነገሩ ይከብዳል። ጎማው የሚታጠፍበት ክብ የብረት ኳስ ውስጥ የአክስሉ መገጣጠሚያ ሞሊብዲነም ባለው ወፍራም ግሪስ ተቀብሮ ይኖራል። ውስጠኛው ፓራኦሊዮ የዲፈረንሻሉን ዘይት ከዚህ ግሪስ ይለያል። ሲያረጅ ዘይቱ አልፎ ግሪሱን ያቀጥነዋል፤ ኳሱ በውጭ በኩል ጥቁር ቀጭን ፈሳሽ ያለቅሳል። ብዙዎች ይህንን አይተው የኳሱን ውጫዊ መጥረጊያ (የኳሱን ገጽ የሚያብሰውን ማኅተም) ብቻ ይቀይራሉ፤ ምንጩ ግን ውስጥ ነው። እዚያ ለመድረስ ሞዞውም ኩሽኔታውም መፈታት ስላለበት በዚህ አሠራር ላይ ፓራኦሊዮን ለብቻው መቀየር ትርጉም የለውም፤ ኩሽኔታው ይታጠባል፣ ግሪሱ ሁሉ ይለወጣል፣ የኳሱ መጥረጊያም አብሮ ይታደሳል።

ከዓመታት በፊት በእንዲህ ዓይነት አክስል ላይ ውስጠኛውን ፓራኦሊዮ ቀየርኩ። በወሩ ኳሱ እንደገና ማልቀስ ጀመረ። ዕቃው መጥፎ ነው ብዬ ሌላ ገዝቼ ሁለተኛ ፈታሁት፤ አሁንም አፈሰሰ። በሦስተኛው ነው የዲፈረንሻሉን መተንፈሻ የተመለከትኩት፤ በደረቀ ጭቃ ተደፍኖ ነበር። በጉዞ ላይ በአክስሉ ውስጥ ያለው አየር ሲሞቅ ይሰፋል፤ መውጫ ካጣ በጣም ደካማውን ቦታ ይፈልጋል፤ እርሱም የፓራኦሊዮው ከንፈር ነው። በሞቀበት ወንዝ ሲሻገር ደግሞ በተቃራኒው ይቀዘቅዝና ውሃ ይስባል። ከዚያ ወዲህ መተንፈሻውን ሳላጸዳ ፓራኦሊዮ አልገዛም።

ሲገጠም በከንፈሩ ዙሪያ ያለው ቀጭን ስፕሪንግ ሊታገድ ወደሚፈለገው ዘይት ይዞራል። ከንፈሩ ይቀባ፤ ዙሪያው እኩል እየተገፋ አሮጌው ወደነበረበት ጥልቀት ይግባ። ዘንጉ ላይ አሮጌው ከንፈር ቦይ ቆፍሮ ከሆነ አዲሱ በዚያው ላይ አይዝም። ቦታው ከፈቀደ ጥቂት ሚሊ ሜትር አዛውሮ ማስቀመጥ፣ ካልሆነም ዘንጉ ላይ የሚለብስ ቀጭን የብረት እጀታ መጠቀም ይቻላል። በቁሱ በኩል ናይትራይል ጎማ ለአብዛኛው የፊት አክስል ይበቃል፤ ቪቶን የሚባለው ከፍ ያለ ሙቀትን ይችላል፣ ነገር ግን ለፊት ጎማ የግድ አይደለም።

የማን ምርት?

የመኪናው አምራች ሣጥን ውስጥ ያለው ኩሽኔታ ብዙ ጊዜ የተሠራው በኩሽኔታ አምራች ነው፤ ኮዮ፣ ኤንኤስኬ፣ ኤንቲኤን፣ ቲምከንና ኤስኬኤፍ ለመኪና ፋብሪካዎች የሚያቀርቡ ናቸው። ስለዚህ የእነዚህን ምርት በራሳቸው ሣጥን መግዛት ከአምራቹ ሣጥን ጋር የሚቀራረብ ጥራት በዝቅተኛ ዋጋ ሊሰጥ ይችላል። ችግሩ የእነዚሁ ስሞች ሐሰተኛ ቅጂ መብዛቱ ነው። በቀለበቱ ላይ ያለው ጽሑፍ ጥርት ያለና እኩል መሆኑን፣ ከሣጥኑ ቁጥር ጋር መግጠሙን ያረጋግጡ።

በአሮጌው ቀለበት ላይ የተቀረጸው ቁጥር ከመኪናው ስም ይልቅ ይታመናል። በተለመደው የሜትሪክ ቁጥር የመጨረሻዎቹ ሁለት አሃዞች በ5 ሲባዙ የውስጡን ስፋት በሚሊ ሜትር ይሰጣሉ፤ 32010 የሚለው 50 ሚሊ ሜትር ነው። ይህ ከ04 ጀምሮ ላሉ አሃዞች የሚሠራ ሲሆን በኢንች የተሠሩትና ለመኪና ብቻ የተለዩት ሌላ አጻጻፍ አላቸው። ያገለገለ ኩሽኔታ በማንኛውም ዋጋ አልመክርም።

አንድ ወገን ወይስ ሁለቱም?

ሾጣጣ ከሆነ ሁለቱንም ወገን መክፈት፣ የተበላሸውን መቀየርና ሌላውን ማጠብ ተገቢ ነው፤ ያንኑ ውሃ የተሻገሩ ናቸውና። ተጠቅጥቆ የሚገባው ወይም በብሎን የሚታሰረው ከሆነ ግን ጸጥ ያለውን ወገን አይንኩ።

በራስ ለመሥራት ሾጣጣውና በብሎን የሚታሰረው ለጠንቃቃ ሰው የሚቻሉ ናቸው፤ የሚለካ መፍቻ ከሌለ ግን አይጀመርም። በሥራው ጊዜ ካሊፐሩ (የፍሬን ሸራዎቹን በዲስኩ ላይ የሚጫነው ክፍል) በሽቦ ይንጠልጠል እንጂ በፍሬን ቱቦው ላይ አይንጠልጠል፤ በፍሬን ሸራው ላይ ግሪስ ከነካ ሸራው ይቀየራል። ከገጠሙ በኋላ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ፍሬን ብዙ ሳይነኩ ነድተው ይቁሙና የሁለቱን የፊት ሞዞዎች ሙቀት በእጅ ያወዳድሩ፤ አንዱ ለመንካት ከከበደ ወይም ከሌላው በግልጽ ከሞቀ ከመቀጠል በፊት ይፈታ። ሾጣጣ ኩሽኔታ ያለው መኪና ከ1000 ኪሎ ሜትር በኋላ እንደገና ተነሥቶ መነቃነቁ ይታይ፤ ፓራኦሊዮውም በዚያው ጊዜ በደረቅ ጨርቅ ይጠረግና ጨርቁ ላይ ዘይት መኖሩ ይመርመር።